የአባቴ ጉርሻና ደራሲው

የምነግራችሁ ነገር የተፈጸመው ከአንድ እሁድ ከሰዓት እስከ ሰኞ ማለዳ ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የነበረችው ገነትና ከዚያ በኋላ ያለችው ገነት መንገድ ላይ ቢገናኙ የሚተዋወቁ አይመስለኝም። የደራሲውን ስም አልጽፍም። ልጆች አሉት፤ ይህን ታሪክ ይወቁት አይወቁት እርግጠኛ አይደለሁም። እናንተም ማን ይሆን እያላችሁ አትድከሙ፣ አትደርሱበትም።

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ልጅ ነበርኩ። ልደታ፣ ከቤተክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር፣ ከእናቴ ከወይዘሮ አስካለ ጋር በአንዲት የቀበሌ ቤት እንኖር ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ነጥብ ስላልመጣልኝ በቀበሌው ሱቅ ተቀጥሬ ስኳርና ሳሙና አድላለሁ። የሰፈሩ ሰው እንደ ሰነፍ ነበር የሚያየኝ፣ አልፈርድበትም። ባንኮኒው ሥር መጽሐፍ ዘርግቼ ስለማነብ ሰልፈኛው "ኧረ ገነት፣ ቀና በይ" ካላለኝ ቀና አልልም ነበር።

ከሁሉም አብልጬ የዚያን ደራሲ መጻሕፍት እወድ ነበር። የሌሎቹ ደራሲያን ሰዎች ያፈቅራሉ፣ ይዋጋሉ፣ ይፎክራሉ። የእሱ ሰዎች ግን ይርባቸዋል። እንጀራ ሲቆርሱ፣ ከሳህኑ ጠርዝ የቀረውን ወጥ በጣታቸው ሲጠርጉ ሳነብ ምራቄን እውጥ ነበር። ጠግቦ ያደረ ሰው እንዲህ አይጽፍም እያልኩ አደንቀዋለሁ። ፎቶግራፉን ከጋዜጣ ቀድጄ ከአልጋዬ ራስጌ ለጥፌዋለሁ። እናቴ "ይሄ ሰውዬ ሽማግሌ የሚልከው መቼ ነው?" እያለች ታሾፍብኝ ነበር። የቀበሌያችን የንባብ ክበብ ጋብዞት እሺ ማለቱን የሰማሁ ቀን ልቤ ጠፍቶ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ስኳር ሰጥቻለሁ።

ወደ አዳራሹ ከመግባታችን በፊት ስለ አባቴ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም።

አባቴ ደምሴ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ከገበታ ሲነሳ የመጨረሻዋን ጉርሻ ለእኔ ያስቀራል። ጠቅልሎ፣ መሃሏን በአውራ ጣቱ ጎድጎድ አድርጎ፣ ጉድጓዷ ውስጥ ወጥ ጠብ ያደርግባትና "ቤቱ ተሠራ፣ ነዋሪዋ ትምጣ" ይላል። እኔም እሮጣለሁ። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ መስከረም ላይ፣ ከቤት ወሰዱት። ምን አደረገ ተብሎ እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። እናቴ የሰው ልብስ እያጠበች ምሳውን በምሳ ዕቃ ትቋጥርና በየቀኑ እስር ቤቱ በር ላይ ትሰለፍ ነበር። ምሳ ዕቃው ይገባል፣ ባዶው ይመለሳል። መጠየቅ የለ፣ ደብዳቤ የለ። በሕይወት መኖሩን የምናውቀው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በተመለሰው ምሳ ዕቃ ጥግ አንዲት ጉርሻ አትጠፋም። ተጠቅልላ፣ መሃሏ በአውራ ጣት ጎድጎድ ብላ። እናቴ ክዳኑን ከፍታ "ቤትሽ ይኸው" ትለኛለች። ደርቃም ቢሆን እበላታለሁ። ከዚያ ወጥቼ ለሰፈሩ ልጆች "አባቴ አጎረሰኝ" እያልኩ ጉራዬን እነዛለሁ።

ይህ እስከ ሰኔ ዘለቀ። ሰኔ ላይ አንድ ቀን ምሳው ሳይነካ ተመለሰ። ዘበኛው "ተዛውሯል" አላት። ወዴት እንደተዛወረ አያውቅም። እናቴ ሄዳ ያልጠየቀችበት እስር ቤት አልነበረም። ዓመታት አለፉ፣ ጥቁር ግን አልለበሰችም። ለቅሶ እንቀመጥ የሚሏትን ዘመዶች "ሞተ ያለኝ ሰው የለም፣ የምን ጥቁር ነው?" ትላቸዋለች። እኔም ከእሷ ጋር ነበርኩ። ኅዳርንና ታኅሣሥን፣ እነዚያን የግድያ ወራት አልፎ ሰኔ የደረሰ ሰው አንድ ቦታ አለ ብለን ነበር የምንጠብቀው።

እሁድ ደረሰ። አዳራሹ ከአንድ ሀብታም የተወረሰ መጋዘን ነው። ግድግዳው ላይ ጢማሞቹ ፈረንጆች በተርታ ተሰቅለዋል። የኪነት ቡድኑ ዘፈነ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ማለቂያ የሌለው ንግግር አደረገ። በዚያን ዘመን በስብሰባ ላይ ጥያቄ ዝም ብሎ አይጠየቅም፤ ማን ምን እንደሚጠይቅ ቀደም ብሎ ይታደላል። ለእኔ የደረሰኝ ጥያቄ ደራሲ በሶሻሊዝም ግንባታ ውስጥ ስላለው ሚና የሚጠይቅ ነበር። ሊቀመንበሩ ራሱ ሱቅ ድረስ መጥቶ በቃሌ አስጠንቶኛል። የራሴ ጥያቄ ሞልቶ ተርፎኝ ነበር፣ ግን በዚህም ቢሆን ካናገረኝ ይበቃኛል ብዬ እናቴ የተኮሰችልኝን ቀሚስ ለብሼ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ደራሲው ከፎቶግራፉ ይከሳል። ዕድሜው አርባ ቢሆን ነው፣ ፀጉሩ ግን ሸብቷል። ስለ ራሱ ብዙም ሳይናገር ገና ካልታተመ መጽሐፉ አንድ ምዕራፍ ላንብብላችሁ አለ። ታሪኩ በጣልያን ጊዜ ስለታሰረ ሰው ነው። በዚያን ወቅት ስለ እስር ቤት መጻፍ የፈለገ ሰው ጣልያን ላይ ነበር የሚያላክከው። ለእስረኛው ሚስቱ ምሳ ታመጣለታለች። እስረኛው ምሳውን ስንቅ ከማይመጣለት ጎረቤቱ ጋር ይካፈላል። ሁለቱም አልጠገቡም፣ ግን ሰውየው የመጨረሻዋን ጉርሻ አይበላትም። ይጠቀልላታል፣ በአውራ ጣቱ መሃሏን ይጫናታል፣ ጥግ ያስቀምጣታል። ደራሲው ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ ሲል አነበበ፦

"ቤቱ ተሠራ፣ ነዋሪዋ ትምጣ።"

ሰውነቴ ክው አለ። ያችን ቃል በዓለም ላይ የምናውቃት ሦስት ሰዎች ነን፤ አባቴ፣ እናቴና እኔ። ለማንም ነግረን አናውቅም። ቀጥሎ የተሰማኝ ግን ድንጋጤ አልነበረም፣ ደስታ ነው። ይህ ሰው አባቴን ያውቀዋል። የት እንዳለ ሊነግረኝ ይችላል። ዛሬ ማታ ለእናቴ ምን ብዬ እንደምጀምርላት ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ንባቡ አልቆ ሊቀመንበሩ "ጓድ ገነት ደምሴ፣ ጥያቄ አላት" ሲል ደራሲው ከወረቀቱ ላይ ቀና ብሎ ተመለከተኝ። ተነሳሁ። ያጠናሁት ጥያቄ ድራሹ ጠፋ።

"ያችን የጉርሻ ነገር ከየት አመጧት?" አልኩ።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ደራሲው ወረቀቱን አስቀመጠ። "የማን ልጅ ነሽ?" አለኝ።

"የደምሴ።"

"የትኛው ደምሴ?"

"ቤት የሚሠራው።"

አዳራሹ አባቴን ግንበኛ አደረገው። ደራሲው ግን ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ይህችን ጥያቄ ለብቻዋ እመልስላታለሁ ብሎ ሊቀመንበሩን ለመነው። ሊቀመንበሩ በዓይኑ እየቆረጠመኝ ለሚቀጥለው ጠያቂ ዕድል ሰጠ።

ስብሰባው ሲበተን በር ላይ ጠበቅሁት። ሊሸኙት የከበቡትን ሁሉ አመስግኖ እስከ ሜክሲኮ በእግሬ ከዚህች ልጅ ጋር እሄዳለሁ አላቸው። እኔ ጎኑ ጎኑን እየተራመድኩ መልሱን እጠብቃለሁ። እሱ ግን ይጠይቀኛል። እናትሽ አሉ ወይ አለኝ፣ አሉ አልኩት። ጤና ናቸው ወይ፣ ልባቸውን አያማቸውም ወይ አለኝ። አጎት እንዳለኝ ጠየቀ። የክርስትና አባቴ ቅርብ እንደሆኑ ጠየቀ። ከቤተክርስቲያኑ አጥር አጠገብ ስንደርስ ቆመና መሬት መሬት እያየ፣

"የእድራችሁ ዳኛ ማን ናቸው? ቤታቸውን ታሳዪኛለሽ?" አለኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ከወዳጅ ቤት በደህና የመጣ እንግዳ የእድር ዳኛ አይፈልግም። መርዶ እኛ ዘንድ ለብቻው ለቆመ ሰው አይነገርም። በማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ነው የሚነገረው። ሰውየው ወጉን ሊጠብቅልን ነበር የፈለገው። ሳያስበው በጥያቄው መርዶውን ነገረኝ።

"ሞቷል?" አልኩት።

"ማለዳ እመጣለሁ፣ ልጄ። እንዲህ አይሆንም።"

"ሞቷል ወይ?"

አንገቱን ደፋ። አጠገቡ ይተኛ እንደነበር፣ ኅዳር ላይ ስሙን ጠርተው እንደወሰዱትና እንዳልተመለሰ ነገረኝ።

ብታምኑኝም ባታምኑኝም ሳቅሁ። ኅዳር ሲለኝ ነፍሴ መለስ አለች። ተሳስተዋል፣ ሌላ ደምሴ ነው፣ የእኔ አባት እስከ ሰኔ ድረስ በሕይወት ነበር አልኩት። በምን አወቅሽ አላለኝም። እኔው ቀጠልኩ፤ ጉርሻዋ እስከ ሰኔ ድረስ ትመጣልኝ ነበር አልኩ፣ መሃሏ ጎድጎድ ያለችው፣ በየቀኑ።

"እሷን የምልካት እኔ ነበርኩ" አለኝ።

መንገዱ ላይ ሰው ይተላለፋል። እኔ ምንም አልሰማም። እሱ አጥሩን ተደግፎ ያወራል። አገሩ ሩቅ ስለነበር አዲስ አበባ ውስጥ ስንቅ የሚያመጣለት ዘመድ እንዳልነበረው፣ አባቴ ከመጣ ቀን ጀምሮ ከምሳው እያካፈለ እንዳኖረው ነገረኝ። አባቴ በተወሰደ ማግስት የስንቅ ሰዓት ደረሰ። ስንቅ ጠሪው ሌሊት የሆነውን አያውቅም፣ እንደ ወትሮው "ደምሴ" ብሎ ተጣራ። ክፍሉ ውስጥ ያለው እስረኛ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። እሱም "አቤት" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰኔ ላይ እስከሚፈታ ድረስ በአባቴ ስም አቤት እያለ በላ።

"ጉርሻዋስ?" አልኩት። "ምሳውን በላህ እንበል። ጉርሻዋን ለምን?"

አንተ ያልኩት ሳላስበው ነው። እሱም ልብ ያለው አልመሰለኝም።

"ካልተመለሰች እናትሽ ያውቃሉ። ካወቁ ምሳው ይቀራል" አለ። ቀጥሎም "ለአንቺ አዝኜ ነው ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር። ርቦኝ ነው" አለኝ።

ተፋሁ። እሱ ላይ አይደለም፣ መሬት ላይ። ከዚያ አፌን በነጠላዬ ጠረግሁ፣ ደግሜ ጠረግሁ። ከስንት ዓመት በፊት የተዋጠች እንጀራ ነች እኮ። የማታውቀው ወንድ ያጎረሳት ልጅ፣ እየሮጠች ወጥታ "አባቴ አጎረሰኝ" የምትል ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ። እናቴ እጇ እስኪላጥ የሰው አንሶላ አጥባ የገዛችው ምስር ትዝ አለኝ። ስንት ነገር ልለው ፈለግሁ፣ አንዱም አልወጣልኝም። ከተፈታህ በኋላ ለምን አልመጣህም ብቻ አልኩት። ቤታችሁን አላውቀውም ነበር አለ። ቀጥሎ ደግሞ ራሱን አረመ፤ ባውቀውም አልመጣም ነበር፣ ፈርቼ ነበር አለ። የእድራችንን ዳኛ የጋሽ ወርቁን ቤት በእጄ አመልክቼው ጥዬው ሄድኩ።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ያ ምሽት ነበር። እናቴ ራት አቅርባ፣ ዓይኗ በደስታ እያበራ ነው የተቀበለችኝ። ያ ባልሽ መጣ ወይ አለችኝ። መጣ አልኩ። አናገረሽ ወይ አለችኝ። አናገረኝ አልኩ። መጽሐፉ ላይ ፈርሞልሽ ቢሆን አባትሽ ሲመጣ ታሳዪው ነበር አለች። እኔ አልበላሁም፣ ራሴን አመመኝ ብዬ ተኛሁ። ልንገራት ብል ወጉ አይፈቅድም፤ ብርድ ልብሱን ተከናነብኩ። ያችን ሐዘን ያልገባባትን የመጨረሻ ሌሊቷን ልቀማት አልፈለግሁም፣ ይኸው ነው።

ማለዳ፣ እናቴ ለቅዳሴ ልትወጣ ነጠላዋን ስታነሳ፣ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ወርቁ፣ የክርስትና አባቴ፣ የጎረቤት ሴቶች፣ ከኋላቸው ደራሲው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም አፉን ሳይከፍት እናቴ ሁሉንም አወቀች። ለዓመታት ያቆየችውን ለቅሶ በአንድ ጊዜ ነው የለቀቀችው። ሴቶቹ ይዘዋት፣ እኔም እግሯ ሥር ሆኜ፣ አሁን እንኳ ልጽፈው የማልችለውን ያህል አለቀስን።

ትንሽ ፋታ ሲገኝ እናቴ እንግዳውን አየችው። ከግድግዳዬ ላይ የምታውቀው ፊት ነው። ይሄ እዚህ ምን ያደርጋል አለች። ጋሽ ወርቁ መርዶውን ያመጣው እሱ ነው፣ ከሟች ጋር አብሮ የታሰረ ነው አሏት። ደራሲው ተንበርክኮ፣ ለእኔ የነገረኝን አንድም ሳያስቀር፣ ጉርሻዋንም ጨምሮ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነገራት። ሴቶቹ አጉረመረሙ። አንዷ "የሙት ስንቅ" ብላ ፊቷን አዞረች። እኔ እናቴ ከቤት ታስወጣዋለች ብዬ እጠብቅ ነበር፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንድታስወጣውም ፈልጌ ነበር።

እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ እሱ ዞረች።

"አቤት የምትለው አንተ ነበርክ?" አለችው።

"እኔ ነበርኩ፣ እትዬ አስካለ።"

"ከእስር ቤቱ ቆርቆሮ አጥር ወዲህ ቆሜ እሰማህ ነበር። ከኅዳር ወዲያ ድምፁ ተለወጠብኝ። ሲሚንቶ ላይ እያስተኙት ብርዱ ጉሮሮውን ያዘው አልኩ። ፌጦ በሎሚ እያሸሁ ከምሳው ጋር አስገባ ነበር። ደረሰህ?"

"ደረሰኝ።"

"በላኸው?"

"በላሁት።"

"ጉሮሮህ ተሻለህ?"

ሰውየው ግንባሩን መሬት ላይ ደፍቶ አለቀሰ፣ ከእኛ ሁሉ የበለጠ ነው ያለቀሰው። እናቴ እጇን ራሱ ላይ አሳርፋ እሷም እንደገና ጀመረች። በልጅነቴ ሲቆጡ እንጂ ሲያለቅሱ አይቻቸው የማላውቀው ጋሽ ወርቁ ወደ ውጭ ወጡ። ለቅሶው ላይ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ደራሲው ከወንድ ዘመዶች ጋር ተቀመጠ፤ ማንም ለምን ተቀመጥክ አላለውም።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ታሪክ ያወራሁላቸው ሰዎች ሁሉ ይቅር አልሽው ወይ ይሉኛል። እናቴ በዚያ ማለዳ ጨርሳዋለች። ለእኔ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ፎቶግራፉን ከግድግዳው ነቀልኩት። መጻሕፍቱን ለብዙ ጊዜ አልነካሁም። አንድ ቀን ደፍሬ ከፍቼ ሳነብ፣ ያ ምራቄን ያስዋጠኝ የነበረ ምስር ወጥ የእናቴ ምስር ወጥ መሆኑ ገባኝ። የጨው መብዛቱ ሳይቀር የእሷው ነው። ደነገጥሁ፣ ተናደድኩም፣ ደግሞ ይገርማችኋል፣ ኮራሁም። ከዚያ ወዲህ የማንንም መጽሐፍ ሳነብ ይህ የማን ምሳ ነው ብዬ ሳልጠይቅ አላልፍም። ማንበቡን ግን አልተውኩም።

የበላውን አልተቀየምኩትም። ርቦት ነው፣ ርሃብን ደግሞ አውቀዋለሁ። ያስቸገረኝ ጉርሻዋ ነች። አስባችሁታል? በእሱ ውሸት የተነሳ እኔ ከኅዳር እስከ ሰኔ አባት ነበረኝ። በዚያን ጊዜ የሳቅሁት ሳቅ፣ በጉራ የተናገርኩት፣ በሰላም የተኛሁት እንቅልፍ ሁሉ የእሱ ሥራ ነው። እናቴን ደግሞ ለዓመታት በከንቱ ያስጠበቃት እሱው ነው። ላመስግነው ወይስ ልክሰሰው? ዛሬ ዕድሜዬ ከአባቴ ዕድሜ አልፏል፣ መልሱን ግን አላገኘሁትም። ያገኛችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

የአባቴን ሙት ዓመት በየዓመቱ ኅዳር ላይ እናስባለን፤ እናቴ ትደግሳለች፣ ካህናት ይጸልያሉ፣ እኔ እንግዳ አስተናግዳለሁ፣ እንባም አይወጣኝም። ሰኔ ሲገባ ግን የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው ያለምንም ምክንያት ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ። እናቴ አንድም ቀን ምን ሆንሽ ብላኝ አታውቅም። ለእኔ አባቴ የሞተው ያን ጊዜ እንደሆነ ታውቃለች።